ኬሞና ጨረር ካለቀ በኋላ ቤት ውስጥ የሚጀምረው ሥራ

እህቴ ለጡት ካንሰሯ የታዘዘላትን የመጨረሻ ጨረር ጨርሳ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ የገባች ቀን ቤታችን የሰርግ ቤት ነበር የሚመስለው። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ቡና ተፈልቷል፣ ጎረቤት አንድ ሳይቀር መጥቷል፣ ከጎናችን ያሉት እማማ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው «እሰይ ልጄ! በቃ ዳንሽልን፣ ከእንግዲህ እንደ ድሮሽ ነሽ» እያሉ ያለቅሳሉ፣ እሷም አሜን አሜን ትላለች። ማታ ሰው ሁሉ ሲሄድ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የእግር ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነካካች «ነይማ እዚ ጋ፣ እኔ እኮ እንደ ድሮዬ አይደለሁም። ጣቶቼ አይሰሙኝም። ለማን ነው አሁን የምናገረው? ሁሉም ድናለች ብሎ ሄደ» አለችኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ። ግን ከዛ ማታ ጀምሮ ሐኪሞቿን፣ ነርሶችን፣ ፊዚዮቴራፒ የሚሰሩትን ስጠይቅ ማታ ማታ ደሞ ሳነብ ነው የቆየሁት፣ የገባኝን እዚ ልጻፈው ምክንያቱም ሕክምናው ላይ እያላችሁ ስለ ሕክምናው የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም፣ ካለቀ በኋላ ስላለው ኑሮ ግን ቁጭ አድርጎ የሚነግራችሁ የለም።

መጀመሪያ ለምን ከባድ እንደሚሆን እንይ። ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ሳምንቱ ይታያል፣ ደም ይሰጣል፣ ነርሷ በስሙ ታውቀዋለች፣ ጨረር ሲሆን ደሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ነው። ከዛ አንድ ቀን «ጨርሰሻል፣ ከ3 ወር በኋላ ተመለሺ» ይባላል፣ አለቀ። ሰውነቱ ገና አላገገመም ግን ዙሪያውን የነበረው ሰው ባንዴ ይበተናል፣ ቤተሰቡም ደክሞታል፣ ብሩም አልቋል፣ ሁሉም ወደየጉዳዩ መመለስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1985 ፊትዝሂው ሙላን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ ራሱ በወጣትነቱ ካንሰር ይዞት የታከመ ነው፣ ሰውን «ድኗል» እና «አልዳነም» ብሎ ለሁለት መክፈል ለታማሚው ምንም አይጠቅመውም ብሎ ጻፈ። እንደሱ አገላለጽ ነገሩ ሦስት ወቅት አለው፣ የመጀመሪያው ምርመራና ሕክምናው ነው፣ ሁለተኛው ሕክምናው አልቆ ይመለስብኝ ይሆን እየተባለ ሰውነትም እንደደከመ በክትትል የሚኖርበት ነው፣ ሦስተኛው ደሞ በሽታው የመመለስ ዕድሉ በጣም ቀንሶ ኑሮ የሚረጋጋበት ነው። እኛ ጋ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኛ ቤት እልል የተባለው ሁለተኛው ወቅት የጀመረ ቀን ነበር ማለት ነው።

ከሁሉም በፊት ወረቀቱን ያዙ። ይሄን የምለው ተቃጥዬ ስለማውቀው ነው። እህቴ በተመለሰች በአራተኛው ወር አንድ ማታ ብርድ ብርድ አላት፣ በቀዶ ጥገናው በኩል ያለው ክንዷ ቀላ፣ ባጃጅ ጠርተን ቅርባችን ያለ ክሊኒክ ወሰድናት። ተረኛው «ምን ዓይነት ኬሞ ነው የወሰደችው? ስንት ዙር? ከብብቷ ንፍፊት በቀዶ ጥገና ተቆርጦ ወጥቷል?» ሲለን እኔ በእጄ የያዝኩት አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ነው፣ የላብ ውጤት፣ የደረሰኝ ቁራጭ፣ አልትራሳውንድ፣ ሁሉም ተጠቅልሎ፣ ግን መልሱን ፈልጌ ማግኘት አልቻልኩም። አለርጂ ይሆናል ተብሎ የማሳከክ ኪኒን ተሰጥቷት ተመለስን። ጠዋት ክንዷ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ትኩሳቷ ጨምሯል፣ ሌላ ቦታ ስንወስዳት የቆዳ ኢንፌክሽን ነው፣ ንፍፊት የወጣለት ክንድ ላይ ሲሆን ደሞ ሰዓት አይሰጥም ብለው ወዲያው አንቲባዮቲክ ጀመሩላት። ያን ማታ አንድ ገጽ ወረቀት ቢኖረን ኖሮ ያንን ሌሊት አናድርም ነበር።

ያ አንድ ገጽ ደሞ የኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2006 ሕክምና የጨረሰ ሰው ሁሉ የተሰጠው ሕክምና ማጠቃለያና የወደፊት ክትትሉ ዕቅድ ተጽፎ በእጁ ይሰጠው ብሎ አሳስቦ ነበር። እዚህ ሳትጠይቁ ላይሰጣችሁ ይችላል፣ ስለዚ ጠይቁ፣ ካልሆነ ደብተር ይዛችሁ ገብታችሁ እናንተው ጻፉት ሐኪሙ ያርምላችሁ። የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃው፣ የጡት ከሆነ የሆርሞን ሪሴፕተር (በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት መሆኑን የሚያሳየው) አለው የለውም የሚለው፣ ቀዶ ጥገናው የተሰራበት ቀንና ጎኑ፣ ንፍፊት ወጥቶ ከሆነ ስንት፣ የኬሞዎቹ ስምና ስንት ዙር እንደሆነ፣ ጨረሩ የት ላይ ስንት ቀን፣ አሁን የሚወሰደው ኪኒንና እስከ መቼ፣ ቀጣይ ቀጠሮ። የኬሞ ስም ለምን ያስፈልጋል ላለ፣ ለምሳሌ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ ቀለም ያለው መድኃኒት ልብን ሊያዳክም ይችላል፣ ለዛም ሲባል አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ሊወስደው የሚችለው መጠን ገደብ አለው፣ ከዓመታት በኋላ ትንሽ ሄዶ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይ እግሩ የሚያብጥ ሰው ያንን መድኃኒት ወስዶ ነበር ወይ የሚለው ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱን ስልክ ላይም ፎቶ አንሱት፣ ለአንድ ሁለት ቤተሰብም ላኩት።

አሁን ወደ ክንዱ ልመለስ። ሰውነታችን ውስጥ ከደም ሌላ ውሃ የሚመስል ፈሳሽ የሚመላለስባቸው ቀጫጭን መስመሮች አሉ፣ ንፍፊቶቹ የነዛ መስመሮች መገናኛ ናቸው። የጡት ካንሰር ሲታከም ከብብት ንፍፊት ከወጣ ወይ ጨረር ካረፈበት መንገዱ ይጠብባል፣ ልክ ክረምት ላይ የሰፈር ዲች ሲደፈን ውሃው መንገድ ላይ እንደሚወጣው ፈሳሹ ክንድ ላይ ይጠራቀማል። ሊምፍዴማ ይሉታል። ባንዴ ላይመጣ ይችላል፣ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላም ይመጣል። እህቴ ጋ የጀመረው በቀለበት ነው፣ የጋብቻ ቀለበቷ ጠዋት ይገባል ማታ አልወጣ ይላል፣ ወፈርኩ መሰለኝ እያለች ስትስቅ ነበር። ክንድ ሲከብድ፣ የልብስ እጅጌ አንዱ ሲጠብ፣ ቆዳውን ስትጫኑት ሲሰረጉድ ቶሎ አሳዩ፣ ገና ሳይጠነክር ከተያዘ ብዙ ይስተካከላል፣ በልክ የሚሰራ አጥብቆ የሚይዝ እጅጌ አለ፣ ፊዚዮቴራፒስት የሚያሳየው ቀስ ያለ የማሻሸት ዘዴም አለ። ዝም ብላችሁ ግን በቅቤ አታሹት፣ አታሳሹትም።

ያ ቆዳ መጠበቅ አለበት። ድስት ስታወጡ ጨርቅ፣ ዕቃ ስታጥቡና ግቢ ስታጸዱ ጓንት፣ ጥፍር ስትቆርጡ ሥጋውን አለመንካት፣ ስንጥር ቢወጋችሁ ወዲያው በሳሙና ማጠብ። ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ትኩሳት ከመጣ በዛው ቀን ሐኪም ጋ። በሌላ በኩል «በዛ እጅሽ ምንም አትንኪ» የሚለው የሰፈር ምክር እኛንም ጎድቶናል። እህቴ ለወራት ክንዷን እንደ ተሰበረ ሰው አቅፋ ስትሄድ ትከሻዋ ደርቆ ጸጉሯን ማሰር አቃታት። ድሮ ሐኪሞችም ክብደት አታንሱ ይሉ ነበር፣ አሁን ግን በጥናት የታየው ከትንሽ ተነስቶ ቀስ እያሉ መጨመር ክንዱን እንደማያሳብጠው፣ እንዲያውም እንደሚያጠነክረው ነው። ቀስ እያሉ የሚለው ላይ ይሰመርበት፣ መጀመሪያ ቀን ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት አይደለም። እሷ የጀመረችው ግድግዳ ፊት ቆማ ጣቶቿን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ በማስኬድ ነው፣ የደረሰችበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ያ ግድግዳ ላይ አሁንም ምልክቶቹ አሉ፣ ቀለም ላስቀባው ስል እምቢ አለች።

ጣቶቼ አይሰሙኝም ያለችው ነገር ደሞ ነርቭ ነው። ፓክሊታክሰል፣ ሲስፕላቲን፣ ኦክሳሊፕላቲን፣ ቪንክሪስቲን የሚባሉት ኬሞዎች የእጅና የእግር ጫፍ ነርቮችን ይነካሉ፣ አንዳንዱ ሰው ይደነዝዘዋል፣ ሌላው መርፌ እንደሚወጋው ይሆናል፣ ሌላው ያቃጥለዋል። ለብዙ ሰው በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የተወሰነው ላይ ይቀራል። ችግሩ ሕመሙ ብቻ አይደለም፣ አለመስማቱ ነው አደጋው። ድካም ይወጣላታል ብዬ ውሃ አሙቄ በሳፋ አቀረብኩላት፣ እሷ እግሯን ከተተች ዝም አለች፣ ለእኔ ለብ ያለ መስሎኝ እጄን አልነከርኩም፣ ስታወጣው የሁለቱም እግር ጀርባ ተልጦ ነበር። እስከዛሬ ያቺን ሳፋ ሳያት ሆዴ ይላወሳል። ስለዚ ውሃ ሁልጊዜ በክርን ወይ በሌላ ሰው እጅ ይለካ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አይኬድ፣ ማታ ማታ የእግርን መርገጫ በመስታወት ወይ በሰው አሳዩት ቁስል ካለ ሳይሰማችሁ ሊኖር ይችላል፣ ሌሊት ሽንት ቤት ሲኬድ መብራት ይብራ። ለሚያቃጥለውና ለሚወጋው ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ፣ ሳይናገሩ መቻል አያስፈልግም።

ድካሙን ያልደረሰበት ሰው አይረዳውም። ሥራ ሰርተህ የሚደክምህ ዓይነት አይደለም፣ አስር ሰዓት ተኝተህ ስትነሳም እዛው ነው። ቤተሰብ ደሞ በሁለት በኩል ያጠፋል፣ ወይ «ተነሺ እንጂ፣ ሰነፍሽ እኮ» ይላል፣ ወይ ብርጭቆ እንኳን እንዳታነሳ አልጋ ላይ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ሐኪም ሊያየው የሚችል ምክንያት እንዳለው ይጣራ፣ ደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት። እነዚህ ከሌሉ ግን በጥናት ከምንም በላይ የሠራው ነገር እንቅስቃሴ ነው፣ ለደከመው ሰው ተነስተህ ሂድ ማለት ግራ ቢመስልም እውነቱ ይሄው ነው። የሚመከረው በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃና ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሰራ ነገር ነው፣ ግን እዛ ለመድረስ ወራት ቢፈጅ ችግር የለም። እኛ የጀመርነው ከቤት እስከ ሱቁ ነበር። ከዛ እስከ አስፋልቱ። ከሦስት ወር በኋላ ፍቅር ሐይቅ ጋ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ ዳር ዳሩን ቀስ እያልን እንሄድ ነበር፣ ሲደክማት ዛፍ ስር እንቀመጣለን። ሀዋሳ ሜዳ መሆኗ ለዚ ትልቅ ጸጋ ነው፣ ታቦር ተራራን ለጊዜው ተዉት። የመርሳቱም ነገር እንዲሁ ነው፣ ወጥ ጥዶ መርሳት፣ የሰው ስም ከአፍ ላይ መጥፋት ከኬሞ በኋላ የተለመደ ነው፣ እያበደች ነው ብላችሁ አትደንግጡ፣ ደብተርና የስልክ አላርም ይረዳል፣ ለብዙ ሰው ጊዜ እያለፈ ይቀላል።

ኪኒኑ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚ ጋ ነው። የጡት ካንሰሩ በኢስትሮጅን ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ከሕክምናው በኋላ ብዙ ጊዜ ታሞክሲፈን ይታዘዛል፣ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴ እስከ 10። ሕመም የለ እብጠት የለ፣ ታዲያ ለምን እውጣለሁ የሚል ነገር ይመጣል፣ ላቡም ያማርራል፣ በሀዋሳ ሙቀት ላይ ያ ከውስጥ የሚመጣ እሳት ሲጨመር ነጠላዋን ጥላ ደጅ ስትወጣ አይቻለሁ። ግን ኪኒኑ የሚሠራው ባዶ ዓይን የማያየውን የቀረ ሴል እንዳያድግ መከልከል ነው፣ ቀድሞ ያቋረጠች ሴት ላይ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ያስቸገራችሁን ለሐኪሙ ንገሩት እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፋርማሲ መፈለግ ጀምሩ። የወር አበባዋ ቆሞ የቆየ ሴት ደም ካየች፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ኪኒኑ ላይ እያሉ ማርገዝ አይገባም፣ መከላከያውም ሆርሞን የሌለው መሆን አለበት፣ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ወይ ኮንዶም። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም የታሞክሲፈንን ጉልበት ስለሚቀንሱ ማንኛውንም አዲስ መድኃኒት ስትጀምሩ ይሄን እወስዳለሁ በሉ።

እዚ ላይ ስለ ጸበልና ጸሎት ልናገር፣ በፍቅር ነው የምናገረው። እህቴም ጸበል ተጠምቃለች፣ ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችንም ቤት መጥተው ጸልየውላታል፣ ያ ጸሎት ያቆማት ቀን ብዙ ነው። ግን «እምነት ካለሽ ኪኒኑን ጣይው» ያላት ሰው ነበር፣ አንድ ወር ደብቃኝ አቁማለች። የነገረቻቸው የንስሐ አባቷ ናቸው እንድትቀጥል ያደረጓት፣ «ልጄ፣ መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፣ ጸበሉንም ጠጪ ኪኒኑንም ዋጪ» አሏት። ጾምም ቢሆን ኪኒኑ በቀን አንዴ ስለሆነ ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል፣ ረመዳን ለሚጾሙም ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይቻላል። የቅጠላ ቅጠል ነገር ግን ሌላ ነው፣ ምን እንዳለበት የማይታወቅ የተቀመመ ነገር ጉበት ሊጎዳና ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ ጠጥታችሁ ከሆነም ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩ።

ክትትሉ ለጡት ካንሰር የመጀመሪያ 3 ዓመት በየ3 እስከ 6 ወር፣ አራተኛና አምስተኛው ዓመት በየ6 እስከ 12 ወር፣ ከዛ በዓመት አንዴ መታየት ነው፣ በዓመት አንዴ ደሞ ማሞግራም (የጡት ራጅ)። የማህፀን በር ካንሰርም መጀመሪያ ሁለቱን ዓመት ቶሎ ቶሎ ነው። ብዙ ቤተሰብ፣ እኛንም ጨምሮ፣ «ሙሉ ሲቲ ስካን ይነሳላት፣ የካንሰር ደም ምርመራ ይሰራላት» ብሎ ይጨቃጨቃል። ምንም ምልክት በሌለበት፣ ቀድሞ የተያዘ የጡት ካንሰር ታክማ ለጨረሰች ሴት ይሄ አይመከርም፣ ዕድሜ ሲያረዝም አልታየም፣ ብሩን ይበላል፣ የሌለ ነገር እያሳየም ቤተሰቡን ያስደነግጣል። ብሩን ለኪኒኑና ለማሞግራሙ ያዙት። ከቀጠሮ በፊት የሚያስሄደው ምልክት ነው፣ አዲስ እብጠት፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሌሊት የሚብስ የአጥንት ሕመም፣ የማይለቅ ሳል፣ ዓይን ቢጫ መሆን፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ከማስታወክ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት። የጀርባ ሕመም ሆኖ እግር ከደከመ ወይ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ በዛው ቀን፣ በዛው ሰዓት ነው፣ ቢዘገይ መራመድ ሊቀር ይችላል። ለዓመታት ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ሰው ሁሉ ነገር አዲስ አበባ ነው ብሎ ያስባል፣ ግን ደም ግፊት መለካት፣ ክንድ ማየት፣ ደም ማነስ መመርመር እዚሁ ሀዋሳ ሪፈራልም አዳሬ ሆስፒታልም ጤና ጣቢያም የሚሠራ ነው፣ ያቺ አንድ ገጽ ካለች።

ስለ ባልና ሚስት የሚያወራ ሰው ስለሌለ እኔ ላውራ። ኬሞውም ኪኒኑም ብልትን ያደርቃል፣ ለማህፀን በር ካንሰር የተሰጠ ጨረር ደሞ መንገዱን ሊያጠብና የወር አበባን ከዕድሜው በፊት ሊያቆም ይችላል፣ ግንኙነት ያማል፣ ሴቷ ትሸሻለች፣ ባልየው ጠላችኝ ይላል። ይሄ ፍቅር ማለቅ አይደለም የሰውነት ጉዳት ነው፣ ማለስለሻ ጄል ፋርማሲ ይሸጣል፣ ለጠበበው ሐኪም የሚሰጠው ማስፊያ መሣሪያ አለ፣ ቀድሞ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። ካንሰር አይተላለፍም፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣትም በአንድ ትሪ በመብላትም አብሮ በመተኛትም፤ የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ በግንኙነት ይተላለፋል፣ ግን በጣም ከመለመዱ የተነሳ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንዴ ያገኘዋል፣ ስለዚ «ከየት አመጣሽው» የሚባል ነገር የለም። ሴት ልጅ ያላችሁ ግን ክትባቱን አስከትቡ፣ አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በመስጠት ነው የተጀመረው። ጡቷ በቀዶ ጥገና የወጣላት ሴት ደሞ ልብስ ስትለብስ የሚሰማትን ቀላል አታድርጉት። እህቴ ለወራት ጋቢ ሳትደርብ አትወጣም ነበር፣ ገበያ ያለች ልብስ ሰፊ ናት ጡት መያዣዋ ውስጥ ኪስ ሰፍታ ጥጥ ሞልታ ያስተካከለችላት፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብላ አየችና «እስቲ ሐይቅ እንሂድ» አለች።

ምግብ ላይ ብዙ የሚባል የለም፣ የተከለከለ አስማተኛ ምግብ የለም፣ የሚፈውስም የለም። ስኳር በሻይ ጠጣሽ ካንሰሩን ቀለብሽው የሚሉትን ተዉአቸው፣ ግን ክብደት መጨመር ለጡት ካንሰር ጥሩ ስላልሆነ «ታገግም» እየተባለ በየቀኑ በቅቤ የራሰ ገንፎና ቡርሳሜ መጋበዙ ይቀነስ፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የሐይቃችን ዓሣ ይበቃል፣ አልኮል ቢቀር ይሻላል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ጥሬ ዓሣ የሚወዱ ካሉ ኬሞ ላይ የተከለከለው ነጭ የደም ሴል ስለሚወርድ ነው፣ ዓሣው ቢበስል ለሁሉም ጤና ነው።

ፍርሃቱ ግን አይቀርም። ሳል ሲይዛት ሳንባ ገባ፣ ወገቧን ሲያማት አጥንት ገባ፣ ቀጠሮ ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ የለም። «እግዜር ያውቃል፣ አታስቢ» ማለት ዝም ማሰኘት ነው የሚሆነው፣ እኔም እንደዛ እያልኩ ነበር ያፈንኳት። የረዳት እንደሷ ታክማ ከጨረሰች ሴት ጋር በስልክ ማውራት ነው፣ ሌላው ማስታመም የማይችለው ነገር አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር የማያስደስተው፣ የማይበላ የማይተኛ፣ መኖር አያስፈልገኝም የሚል ሰው ካለ ግን ይሄ ማጽናኛ ሳይሆን ሕክምና የሚፈልግ ድብርት ነው፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋ ውሰዱት። አስታማሚዎችም ከዚ ውጪ አይደለንም።

ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ሆቴል ተቀጥሮ ለሚሠራ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድን እስከ 6 ወር ያደርሰዋል፣ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወር በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃችሁን ኮፒ አስቀሩ። ስትመለሱም ጣቱ የደነዘዘ ሰው ወዲያው መርፌና ስፌት ላይ መቀመጥ ስለሚቸገር ለጊዜው ቀለል ያለ ቦታ ጠይቁ፣ ሐኪም ይጻፍላችሁ።

ቀጠሮ ስትሄዱ ደሞ ሐኪሙ ጋ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፣ ደንግጣችሁ «ደህና ነኝ» ብላችሁ እንዳትወጡ። እህቴ ቀጠሮዋ ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ በልጇ ሂሳብ ደብተር የኋላ ገጽ ላይ ጥያቄዋን ትጽፋለች፣ ከላይ በጣም የሚያስጨንቃትን ታደርጋለች ምክንያቱም ጊዜ ካለቀ የሚቀረው የታችኛው ነው። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ መልሱን እጽፋለሁ። የሚቀጥለው ቀጠሯችን ኅዳር ላይ ነው፣ ከላይ የጻፈችው «ታሞክሲፈኑ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እቀጥላለሁ ወይስ ይበቃኛል?» የሚል ነው።